የቆመ ማሽን ሁሉ ትርፍ ማሽን አይደለም

ስለ ጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪያችን የተጻፈ፣ ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ለእኔ የላከልኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ወዳጄ እንዲያውም «በመጨረሻ እውነቱን የሚናገር ሰው ተገኘ» የሚል ማስታወሻ አክሎበታል። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ የውጭ አገር ታሪክም ይጠቅሳል። ጭብጡ ግን የተሳሳተ ነው ብዬ አምናለሁ። ሐሳቡን የሚቀበል ባለሥልጣን ቢገኝ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍሉት ጽሑፉን የማንበብ ዕድል ያላገኙ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላቅርብ። አገሪቱ ከገበያዋ በላይ የሆነ የጨርቃ ጨርቅ ማሽንና ሼድ ተሸክማለች ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች መሥራታቸውና በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ባዶ ሼድ መታየቱ ነው። ስለዚህ መንግሥት ትርፉን ማሽን ከባለቤቶቹ ገዝቶ ለብረት ማቅለጫ ይስጠው፤ ብሪታንያ፣ ጃፓንና ቻይና ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በተለይ ቻይና በ1998 (እ.ኤ.አ.) ማሽኖቿን በመዶሻ ሰብራ ነው የዓለም ቁንጮ የሆነችው ይላሉ። ከሥራ የሚወጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ስለሆኑ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ፣ በእኛ አካባቢ ደግሞ ቡናው ይቀበላቸዋል ብለው ያምናሉ። መደምደሚያቸው ወደ ጅማ ይመጣል፤ ጅማ የቡና እንጂ የልብስ ከተማ ስላልሆነች የፓርኩ ሼዶች የቡና መጋዘን ይሁኑ ነው የሚሉት።

ከመነሻቸው ልጀምር። ፋብሪካዎቻችን ከአቅማቸው በታች እንደሚሠሩ አልክድም፤ ማንም አይክድም። ግን ያ «አቅም» የሚባለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?

በአንድ ነባር የፈትል ፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የመፍተያ ማሽን ሲበላሽ ዕቃ ለማስመጣት ኤልሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) መክፈት ያስፈልግ ነበር፣ ኤልሲ ለመክፈት ዶላር ያስፈልግ ነበር፣ ለዶላሩ ደግሞ ባንክ ወረፋ ይያዝ ነበር። ወረፋው እስኪደርስ ምርት አይቆምምና እኛ የምናደርገው ጥግ ላይ ካለው ማሽን ቤሪንጉንና የጎማ አፕረኑን ነቅለን ለሚሠራው መግጠም ነበር። አንዳንዴም ቀለበቷ ላይ የምትሮጠውን፣ ጥፍር የማታህለውን ትራቭለር ሳይቀር እየለቀምን። በዓመቱ መጨረሻ የጥጉ ማሽን አጽሙ ብቻ ቀርቷል። ለበላይ በሚላከው ሪፖርት ላይ ግን ሙሉ የስፒንድል (ክሩን የሚያከርረውና የሚጠቀልለው ዘንግ) ቁጥሩን እንደያዘ «አቅም» በሚለው ዓምድ ሥር ይቆጠራል። የዓመቱ ምርት ለዚያ ቁጥር ይካፈልና «ፋብሪካው ከአቅሙ ግማሽ በታች ሠራ» ይባላል። ጸሐፊው ትርፍ ብለው የቆጠሩት እንዲህ ዓይነቱንም ጭምር ነው።

ትርፍ አቅም ማለት ጥጥ፣ መብራት፣ መለዋወጫና ሠራተኛ እያለው፣ ገዢ በማጣት ብቻ የቆመ ማሽን ነው። የእኛ ማሽኖች በአብዛኛው የቆሙት በዚህ ምክንያት አይደለም። ለጥጥ ተስማሚ የሆነ 3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት አለን እየተባለ ለዘመናት ሲነገር የሚለማው ከዚያ ላይ ጥቂቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ እስከመከልከል የደረሰው ፋብሪካዎቹ ጥጥ አጣን ብለው ስለጮኹ ነበር። ክልከላው በኋላ ተነሣ፣ እጥረቱ ግን ቀጠለ። በዚህ ላይ መብራቱን ጨምሩበት። አንድ ጊዜ መብራት ሲቆራረጥ ፈትሉ በየስፒንድሉ ይበጠሳል፣ ማሽኑን እንደገና ለማስነሣት ክሩ በእጅ አንድ በአንድ ይቀጠላል፣ ያ ሰዓት በማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ማሽን በመስበር ጥጥ አይበቅልም፣ መብራትም አይመጣም።

ገዢ ጠፍቶ የቆሙ የሉም አልልም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋናው ስሌት አጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች የከፈተችው ከቀረጥ ነፃ ገበያ ነበር። ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ 16.5 በመቶ ቀረጥ ነበረበት፣ በአጎዋ ግን ዜሮ ነበር፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ላይ ልዩነቱ እስከ 32 በመቶ ይደርስ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ፣ ገና ቀኑ ሳይደርስ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከሐዋሳ ለቀቀ። መቀሌና ኮምቦልቻን ደግሞ ጦርነቱ ደረሰባቸው። እነዚህ ሼዶች ገዢ ወይም ሰላም አጥተው እንደቆሙ እስማማለሁ። ነገር ግን ገበያውን የዘጋው ፖለቲካ ነው፤ በፖለቲካ የተዘጋ ገበያ በፖለቲካ ሊከፈት ይችላል። ወደ አውሮፓ ያለው ከቀረጥና ኮታ ነፃ በር እስካሁን አልተዘጋም። በር በተዘጋ ቁጥር የስፌት መኪናውን ለብረት ማቅለጫ የምንሰጥ ከሆነ፣ በሩ ሲከፈት በምን እንሰፋለን?

አገር ውስጥስ? ጅማ መርካቶ ገብቶ የዩኒፎርም ጨርቅ የሚቆርጡትን ልብስ ሰፊዎች «ይሄ ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥቅሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ጎን ለጎን የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ በየማለዳው እየተፈታ ይዘረጋል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ሰልባጅ እየለበሰ፣ ጨርቅ የሚያመርት ማሽን በዝቶብኛል ብሎ ሊሰብር? ችግሩ የእኛ ጨርቅ ከቻይናው ውድ መሆኑ ነው ካሉ እስማማለሁ፤ ያ ግን የዋጋ ጥያቄ ነው፣ መልሱም መዶሻ አይደለም።

አሁን ወደ ውጭ አገር ምሳሌዎቹ። ጽሑፉን ብዙ ሰው የወደደው በእነዚህ ምክንያት ስለሆነ ረጋ ብዬ ላያቸው።

ብሪታንያ በ1959 (የውጭ ምሳሌዎች ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የጥጥ ኢንዱስትሪ ሕግ አውጥታ ለሚሰበረው ማሽን ካሳ መክፈሏ እውነት ነው። ከካሳው ሁለት ሦስተኛውን መንግሥት፣ አንድ ሦስተኛውን በሥራ ላይ የሚቀሩት ፋብሪካዎች በመዋጮ ይሸፍኑታል፤ አዲስ ማሽን ለሚገዛ ደግሞ ከዋጋው ሩቡ በድጎማ ይሰጠዋል። በዚህ ወደ 12 ሚሊዮን ስፒንድል፣ ማለትም ከነበረው ግማሽ ያህሉ ተሰበረ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ቀጥሎ የሆነውን እኔ ልጨምር። ከተሰበሩት ብዙዎቹ አስቀድመው የቆሙ ነበሩ፤ መንግሥት የገዛው የማይሽከረከር ብረት ነበር ማለት ነው። ለአዲስ ማሽን የተያዘውን ገንዘብ የወሰዱት ደግሞ ከታሰበው በታች ሆኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሆንግ ኮንግ፣ ከህንድና ከፓኪስታን የሚገባው ርካሽ ጨርቅ እንደሚቀጥል የሚያውቅ ባለፋብሪካ ካሳውን ተቀብሎ ይወጣል እንጂ አዲስ ማሽን አይገዛም። የብሪታንያ የጥጥ ኢንዱስትሪ ማዕከል የነበረችው ላንክሻየር በ1913 ወደ 7 ቢሊዮን ያርድ የጥጥ ጨርቅ ለዓለም ትልክ ነበር፤ ከሕጉ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1958፣ ብሪታንያ ከምትልከው የምታስገባው የጥጥ ጨርቅ በልጦ ነበር። ሕጉ ይህንን አልቀለበሰውም፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካዎቹ መዘጋታቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ላይ የመጀመሪያቸውም አልነበረም። በ1936 በወጣ ሌላ ሕግ፣ ለዚሁ ሲባል በተቋቋመ ቦርድ አማካይነት፣ ከፋብሪካዎች መዋጮ እየተሰበሰበ ሚሊዮኖች ስፒንድል ተገዝተው ተሰብረዋል። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ ከ23 ዓመት በኋላ በእጥፍ መውሰድ ለምን አስፈለገ?

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልስጣቸው። ላንክሻየር ውስጥ ያረጀ ማሽን ይዞ ከመቆዘም፣ መሸኘቱ ለአንዳንድ ባለቤቶች እፎይታ ነበር። እኛም ጋ በንጉሡ ዘመን የተተከሉ፣ መለዋወጫቸውን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ የጠፋባቸው ማሽኖች አሉ። እነዚህን ነቅሎ መሸጥ ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ብሔራዊ መርሐ ግብርና የካሳ በጀት ምን ያደርጋል? የፋብሪካው ቦርድ ጨረታ አውጥቶ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው።

ጃፓንን በአጭሩ ልለፈው። በ1956 ሕግ አውጥታ የፈትልና የሽመና ማሽኖችን መዘገበች፣ ያልተመዘገበ ማሽን እንዳይሠራ ከለከለች። ውጤቱ? ምዝገባው ራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ ሆኖ ይሸጥ ጀመር፤ በየገጠሩ ሳይመዘገቡ ተደብቀው የሚሠሩ የሽመና ማሽኖች በዙ፤ በ1970ዎቹ መንግሥት በአንድ በኩል እየገዛ እያሰበረ በሌላ በኩል የተደበቁትን ሕጋዊ ወደማድረግ ገባ። ኮታና ፈቃድ እንዴት የደላላ ሲሳይ እንደሚሆን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ትልቁ ምሳሌ ቻይና ናት፤ ጽሑፉም ያለ እሷ አይቆምም። በ1998 መጀመሪያ ላይ ሻንጋይ ውስጥ በቴሌቪዥን ፊት መዶሻ ተነሥቶ አሮጌ የመፍተያ ማሽን መሰበሩ፣ ዕቅዱም በሦስት ዓመት 10 ሚሊዮን ስፒንድል ማስወገድና 1.2 ሚሊዮን ሠራተኛ መቀነስ መሆኑ ትክክል ነው። ለየ10 ሺህ ስፒንድሉ 3 ሚሊዮን ዩዋን ድጎማ ይከፈል ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ቀንሳ አደገች» ይላሉ። ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ግን ሌላ ነገር ያገኛሉ። ቻይና ዕቅዱን ስትጀምር ከ40 ሚሊዮን በላይ ስፒንድል ነበራት፤ ከዐሥር ዓመት ጥቂት ዘግየት ብሎ ከ100 ሚሊዮን አልፏል። አቅም አልቀነሰችም፤ የመንግሥትን አሮጌ ማሽን አውጥታ በግል ባለሀብት አዲስ ማሽን ተካችው፣ ከዚያም አበዛችው። ያንን ያስቻላት በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል መሆኗና በጥር 2005 የዓለም የልብስ ኮታ መነሣቱ ነው። ገበያ ተከፈተላት። እኛ ማሽን እንስበር የምንባለው ደግሞ ገበያ በተዘጋብን ማግሥት ነው። ተመሳሳይ የሆነው መዶሻው ብቻ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ያ የቻይና ድጎማ የተከፈለው ብዙ ሠራተኛ ለነበራቸው የመንግሥት ፋብሪካዎች ነው፣ ዓላማውም ከሥራ የሚወጣውን ሰው ማሸጋገር ነበር፤ የተሰናበቱት በልዩ ማዕከላት ተመዝግበው የኑሮ ድጎማ እንዲያገኙ ተደርጓል። ድጎማው አነስተኛ ነበር፣ ብዙዎችም ተጎድተዋል፤ ነገር ግን ሠራተኛው በዕቅዱ ውስጥ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ግን ካሳው ለባለማሽኑ ነው። የእኛ ባለማሽን ማን ነው ቢባል፣ በብድር በተተከሉት ላይ ዕዳው ያልተከፈለው የመንግሥት ባንክ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ግራ ኪሱ ይከታል፤ በመካከል የሚወጣው ሠራተኛው ብቻ ነው።

ይህን ነጥብ በተለይ ማጥበቅ እፈልጋለሁ፤ ጸሐፊው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፉት እሱን ነውና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ፋብሪካው በመዘጋቱ ወይም ሠራተኛ በመቀነሱ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ሦስት ዓመት ስፌት ላይ የቆየች ልጅ ስታሰላው 30፣ በዚያ ላይ 20፣ በዚያ ላይ 60፤ የ110 ቀን ደመወዝ። በግል ፋብሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር፣ በጋርመንት ደመወዝ፣ ከሁለት ጓደኛ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ በዚህ ገንዘብ ስንት ወር ትቆያለች? ለዚያውም ከተከፈላት። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል የሚለው ሕግ አለ፤ የከሰረ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ግን ሕጉን ማስፈጸም ሌላ ነገር ነው።

«ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ» ማለት ቀላል ነው። የመጡት እኮ እዚያ የሚበቃ መሬት ስለሌለ ነው። ብዙዎቹ ቤተሰብን የሚረዱ እንጂ በቤተሰብ የሚረዱ አይደሉም፤ ለወንድም የትምህርት ቤት ወጪ የሚላከው ከዚያች ደመወዝ ነው።

ቡናውስ ይቀበላቸዋል? ይህን የጻፈ ሰው ጅማ ዙሪያ አንድ ዓመት ሙሉ ቢኖር ኖሮ አይጽፈውም ነበር። እሸት ቡና የሚለቀመው በግምት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ክፍያው በኪሎ ነው፤ ለቀማው ካለቀ ክፍያውም ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው በየመጋዘኑ ወለል ላይ ተቀምጦ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው መልቀም ነው፤ እሱም በሥራው መጠን ይከፈላል፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። እና እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ራሳቸው ሥራው በዝቶባቸው አይደለም፤ አዲስ ሥራ ፈላጊ ቢመጣባቸው የሚቀንሰው የእነሱ ክፍያ ነው። ሕንድ ውስጥ ሙምባይ በ1982 ከተጀመረው ትልቁ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ፋብሪካዎቿ ሲዘጉ፣ መሬቱ የገበያ ማዕከልና ፎቅ ሆነ፤ ሠራተኛው የመንገድ ላይ ንግድና የጥበቃ ሥራ ውስጥ ገባ። «ሌላው ዘርፍ ይቀበላቸዋል» የሚለው እዚያም ተብሎ ነበር።

አሁን ወደ ጅማ። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 75 ሄክታር ላይ ያረፈ፣ ዘጠኝ ሼድ ያለው ነው። ጸሐፊው ባዶ ሼድ አይተው «እዚህ መሠራት አልነበረበትም» ቢሉ ብዙ አልከራከራቸውም። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጨርቃ ጨርቅ በ2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር ያስገባል ብሎ ሲነሣ የተገኘው ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ፓርኮቹ ከዚያ በኋላም እየተከታተሉ መሠራታቸው ከገበያ ይልቅ የክልል ድርሻ ማዳረስ እንደነበረበት ማየት አይከብድም። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ርቃለች፣ ባቡሩ አይደርስባትም፣ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ እውነት ነው፣ ለአንድ ቲሸርት ጥቂት ሳንቲም ልዩነት ለሚፈጥር ንግድ ደግሞ ትልቅ እውነት ነው።

ግን ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? ለፓርኮች ግንባታ ከፊሉ ገንዘብ የመጣው በ2014 (እ.ኤ.አ.) አገሪቱ ለዓለም ገበያ ከሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነው፤ ወለዱን መክፈል አቅቶን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. እንደ አገር የተዋረድንበት ዕዳ። ሼዱ ቢፈርስ፣ ማሽኑ ቢቀልጥ፣ ዕዳው አይቀልጥም። ስለዚህ ጥያቄው «ይሠራ ነበር ወይ» አይደለም፤ «ተሠርቷል፣ አሁን ምን ይሥራ» ነው። መንግሥትም እየዘገየ ቢሆን ያንን ያየው ይመስላል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ከፓርክ አሠራር ወጥቶ ለሌላ ሥራም በር የሚከፍት ነው።

ቡና በሼዱ ውስጥ ይግባ በሚለው እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እገናኛለሁ፣ በአንድ ልዩነት። እሳቸው መጋዘን ነው የሚሉት። መጋዘን ቢበዛ ሃያ ሰው ይቀጥራል፤ ጀንፈል ሲከማች የሚያስፈልገው ዘበኛና ጫኝ ነው። ቆልቶና ፈጭቶ በጥቅል ማሸግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መስመር አለው፣ ፈረቃ አለው፣ የጥራት ተቆጣጣሪ አለው፣ የስፌት መስመር ላይ የሠራች ልጅ የምታውቀውን ሥርዓት ይፈልጋል። ከዘጠኙ ሼዶች ጥቂቶቹ ወደዚያ ቢዞሩ፣ የተቀሩት ለአገር ውስጥ የዩኒፎርምና የሆስፒታል አልባሳት ቢሰፉ፣ የክልሉ መንግሥት ግዢውን ለእነሱ ቢያደርግ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ እስኪደርስ የሚጓዘውን ርቀት ማንም አይቆጥርም። (የላንክሻየር ሰዎች ፈትል የጀመሩት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ነው ይባላል፤ በእርጥበትማ ከሆነ ጅማ ማንንም አታስቀድምም።) ጅማ የልብስ ከተማ አይደለችም ለሚለው ደግሞ፣ የጅማው የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዘመን ምን ምን ይሸጥበት እንደነበር አዛውንቶቹን መጠየቅ በቂ ነው።

ጸሐፊው «ማሽን መግዣ የሚሆን በጀት ይያዝ» ካሉ፣ በጀቱ ከመያዙ በፊት የምጠይቀው አንድ ሰንጠረዥ ነው። በየፋብሪካው የትኛው ማሽን በየትኛው ዓመት ተተከለ፣ ከመቼ ጀምሮ ቆመ፣ የቆመው በጥጥ ነው፣ በመለዋወጫ፣ በመብራት ወይስ በገዢ እጦት፣ በዕዳስ የተያዘው ለማን ነው፣ ስንት ሠራተኛ ውዝፍ ክፍያ አለው? ይህ ሰንጠረዥ በይፋ ከወጣ በኋላ «ገዢ በማጣት ብቻ» በሚለው ዓምድ ሥር የሚቀረውን ማሽን ይግዙትና ይስበሩት። የእኔ ግምት ዝርዝሩ አጭር ይሆናል የሚል ነው።